ስብከቱና የጎረቤቴ አሸንዳ

ጎረቤቴ የቤቱን ጣሪያ ሲያድስ አሸንዳውን ወደ እኔ በር አዞረው። ክረምት በመጣ ቁጥር የካዛንቺስ ዝናብ ሁሉ እኔ ደጃፍ ላይ ይራገፋል። «አዙረው» ስለው፣ «ውኃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን። አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሽንት ቤት እየተጠቀምን፣ ለዓመታት ሰላምታ የለም።

ባለቤቴ ደግሞ በፍልሰታ ልትቆርብ ቆርጣ ተነሣች። የንስሐ አባታችን መጡና «ባልና ሚስት አንድ አካል ናችሁ። እሱ ቂም ይዞ አንቺ ለብቻሽ አትቀርቢም» አሏት። የእሷ ቁርባን እኔ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

«ታረቅ» ትለኛለች።

«አሸንዳውን ያዙር።»

«ሥጋ ወደሙን ከአሸንዳ ጋር ምን አገናኘው?»

«እሱን ለባለ አሸንዳው ንገሪው።»

በፍልሰታ ማታ ማታ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስብከት አለ፤ ይዛኝ ሄደች። ሰባኪው ወጣት ነው፤ ማይኩን ሊውጠው ምንም አልቀረው። የዘሪውን ምሳሌ አነሣ። አንዱ ዘር መንገድ ላይ ወደቀ፣ አንዱ ጭንጫ ላይ፣ አንዱ እሾህ መሃል፣ አንዱ ግን ደህና መሬት አገኘ። «ቃሉን እንድትቀበሉ ልባችሁን ክፈቱ!» እያለ ይጮኻል፤ ልብን የለገሃር ሱቅ የቆርቆሮ በር አደረገው። ሕዝቡ እልል አለ። ሲከፈት ያየሁት ግን ልብ ሳይሆን ዓይን ነው። አንዷ ሴትዮ ምራቷን አየች። የዕድራችን ሊቀመንበር ገንዘብ ያዡን አየ። ጎረቤቴ አንገቱን ጠምዝዞ እኔን አየኝ፤ እኔም አፍጥጬ መለስኩለት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቃሉ ለእኔ ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንደ ሠርግ ቤት ትሪ ተቀብሎ ወደ ጎን ያሳልፈዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሰማሽ? እሾህ ያለው ጎረቤታችንን ነው። ጭንጫው ሊቀመንበሩ ነው» አልኳት።

«ለመሆኑ አንተ ቀበሌ ነህ?» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«መሬት የምታድለው! ለሁሉም መራህ። ለእኔስ የትኛው ደረሰኝ?»

እቤት ስንገባ ለቁርባን ያጠበችውን ነጠላ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ መለሰችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት እችላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አካፋ ይዤ ወጣሁና ከአሸንዳው ሥር ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ልቤ ተከፍቶ እንዳይመስላችሁ። ያ ነጠላ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ጎረቤቴ በፒጃማ ብቅ አለ። በስንት ዘመኑ አናገረኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ደህናውን መሬት እየፈለግሁ።»

«እኔ ጋ እንኳ የለም» አለና ሳቁ አመለጠው። «ሚስቴ እሾህ ስትለኝ ነው ያደረችው።» ገብቶ ዶማ ይዞ መጣ። ቆፍረን ስንጨርስ «በል እንግዲህ፣ ይቅር» አለ። «ይቅር» አልኩ። በቃ፣ ዕርቁ ይኼው ነው። የንስሐ አባታችን ሲሰሙ ይበቃል አሉ፤ ከሁለታችን ከዚህ የተሻለ እንደማይወጣ ያውቃሉ።

ቆረብን። ከቁርባን በኋላ አፍ ይሸፈናል፣ ወሬ የለም። ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን ግቢ ስንገባ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!»

ራሴን ዝቅ አደረግሁለት። መናገር እንደማልችል ሲያይ ፊቱ በራ።

«ያ ቦይ ግን፣» አለ፣ «በእኔ ድንበር ነው የገባው። ደግሞ ጠማማ ነው። አሸንዳውም ቢሆን ከመጀመሪያው ምንም ጥፋት አልነበረበትም።»

ባለቤቴ ክንዴን ጨመቅ አደረገችኝ። መልሱ ተሰካክቶ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ዋጥ አድርጌው ገባሁ።