ሁለተኛ ዳገት የማትወጣው ፒክአፕ

ደሴ፣ ማለዳ

ወደ መካነ ሰላም የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ሰይድ ደውሎ ስለጠራኝ ነው። ሰይድ ድሮ ደሴ ጋራዥ ውስጥ አብረን ዘይት የጠጣን፣ ኋላ «መሪ ይሻለኛል» ብሎ ሹፌር የሆነ ወዳጄ ነው። መካነ ሰላም ላይ የአቶ ታደሰን ባለ ቱርቦ ፒክአፕ ይነዳል፤ ይነዳ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። መኪናዋ ከጥምቀት ወዲህ አመል አውጥታለች። የመጀመሪያውን ዳገት እንደ ልቧ ትወጣና ሁለተኛው ላይ ትሞታለች። አቁመው ሲያሳርፏት ደግሞ ነፍስ ትዘራለች።

ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን በስልክ እንጨርሰው ነበር። አቶ ታደሰ ግን ከበዓሉ ቀደም ብሎ ሰይድ መኪናዋን ብቻውን ለሰርቪስ ወደ ደሴ ይዞ መውጣቱን አስታወሱ። «ደህናውን ቱርቦ ሸጦ አሮጌ አስገጠመብኝ» ብለው ገበያ መሀል ተናገሩ። ክሱ አበጋር ዘንድ ደረሰ። አበጋር በእኛ በወሎ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ቃሉ መሬት የማይወድቅ ሽማግሌ ነው። ሁለቱን ለቅዳሜ ቀጥረዋቸዋል።

«የምታይልኝ መኪናዋን አይደለም፣ ስሜን ነው» አለኝ ሰይድ። ሐሙስ ጧት መናኸሪያ ተገኘሁ።

የአውቶቡሱ ረዳት የመሣሪያ ሳጥኔ ጣሪያ ላይ ካልተጫነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እኔም ከሳጥኔ አልለይም አልኩ። በመጨረሻ ታቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «ሰው ልጅ ታቅፎ ሲሄድ እንጂ ብረት ታቅፎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም» ብለው እስከ ጉጉፍቱ ሲስቁብኝ ሄዱ። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። መስኮቱ በጉም ታፍኗል። ጋቢ ያለው ተከናነበ፤ እኔን ግን የብረት ሳጥኔ እየበረደ ጭኔን አደነዘዘኝ። ጉሙ ሲገለጥ የገብስ ክምርና አውድማ ይታይ ጀመር። ወደ ወረኢሉ የሚገነጠለውን መንገድ ትተን ወደ አቀስታ ቀጠልን።

አቀስታ፣ ምሳ

አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ጾም ነበርና ሽሮ አዘዝኩ፤ እየተንተከተከ መጣ። በዚያ ብርድ ከዚህ የሚበልጥ ምግብ ያለ አይመስለኝም። ገበታ የተጋራኝ የጭነት መኪና ሹፌር ሳጥኔን አይቶ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የታደሰ ሹፌር ማለት ያ ቱርቦ ሸጠ የተባለው አይደለም ወይ ብሎ መለሰልኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው የሰማውን ነው ያወራው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አቀስታ ከገባ፣ ሰይድ ነገ ሌላ መኪና ልንዳ ቢል ማን ቁልፍ ይሰጠዋል?

መካነ ሰላም

ከሰዓት በኋላ ስንገባ ሰይድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከስቷል። ሳጥኑን ተቀበለኝና ወደ አቶ ታደሰ ግቢ ወሰደኝ።

አቶ ታደሰ በእርሻ ኖረው በስተርጅና ባለመኪና የሆኑ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ለእኔ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሰላምታ ሰጡኝ። ሰይድን ግን አጠገባቸው ቆሞ ሳለ «ሹፌሩ» እያሉ እንደሌለ ሰው ነበር የሚያነሱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከተማው የሚያውቃቸው አረቄ አውጪ ናቸው። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እሳቸው እንደ ባላቸው ከሰይድ ፊታቸውን ሳያዞሩ ትልቅ ትልቁን መርጠው ሲሰጡት አየሁ።

መኪናዋን በጧት እናያታለን ብዬ እዚያው አደርኩ።

ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ

ዓርብ ጧት ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ወጣን። ሰይድ ይነዳል፣ አቶ ታደሰ ከዳር በመስኮት ያያሉ፣ እኔ መሀል ሆኜ ሞተሩን እሰማለሁ። ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ጥቂት ወርደን ተመለስን። መጀመሪያው ዳገት ላይ ፒክአፗ ምንም አልጎደላትም። ከዚያ ሜዳው ላይ ሰይድ እግሩን አነሳ፤ ሁለተኛው ዳገት ሲጀምር ቢረግጥ ቢረግጥ ጥቁር ጭስ ብቻ። ማርሽ እየቀነሰ ቀነሰ፣ በመጨረሻ ቆምን። አቶ ታደሰ «ይኸው» አሉ፣ ለመስኮቱ።

እዚህ ላይ ስለ ነገሩ ጥቂት ልበል። ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ጉልበት እየዞረ አየር ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ግፊቱ እንዳይበዛ ጭሱን ወደ ጎን የሚለቅ ትንሽ በር አለው። በሩን የሚከፍተው ራሱ የአየሩ ግፊት ነው፤ በቀጭን የጎማ ቱቦ ይደርሰዋል። የዚህች መኪና የቀድሞ ባለቤት ታዲያ በዚያ ቱቦ መሀል አውራ ጣት የምታክል የነሐስ መቆጣጠሪያ አስገብቶበታል። በእጅ ስትጠብቅ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ መኪናው ይጎለብታል። አየር በሚሳሳበት ደጋ ብዙ ሹፌር ይወዳታል። እኔ አልወዳትም፤ ከልኩ ካለፈች ሞተር ትበላለች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱቦዎቹ አልተሰነጠቁም፣ አየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ የበሩ ክንድ በእጅ ሲሳብ ይታዘዛል። የቱርቦውን ብሎኖች አየሁ። የዓመታት ዝገት ከነአቧራው ተጋግሮባቸዋል፤ ቁልፍ የነካቸው አይመስሉም። ይህን ለአቶ ታደሰ አሳየኋቸው።

«ብሎን ማቆሸሽ የሚያቅተው ሌባ የለም» አሉኝ በትሕትና።

ሰይድ ወደ ገደሉ ዞረ። ተናደድኩ። የነሐሷን መቆጣጠሪያ ፈታሁና ቱቦውን በቀጥታ አገናኘሁት። እንደገና ወርደን ወጣን። መኪናዋ ጉልበቷ ቀነስ ብሏል፤ ግን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ዳገት ያው ነች፣ አልሞተችም። ጥፋቱ ያለው ቱርቦው ውስጥ እንዳልሆነ ያኔ አወቅሁ። እጄ ላይ ባለችው ነሐስ ውስጥ ነበር።

ግቢው ውስጥ

ተመልሰን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ፈታኋት። ውስጧ ኳስና ሞላ አለ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጎኗ ላይ ደግሞ መርፌ የማታሳልፍ ቀዳዳ መኖር ነበረባት። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሳ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር በእሷ ወጥቶ በሩ ይዘጋል። እሷ ከተደፈነች አየሩ ታስሮ ይቀራል፣ በሩም እንደተከፈተ ነው፤ ጭሱ በጎን እያመለጠ ቱርቦው ጉልበት ያጣል። መኪናው ሲያርፍ አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ያልቃልና ጉልበቱ ይመለሳል። የፒክአፗ አመል አንድ በአንድ ይሄ ነው።

አፌን ገጥሜ ብነፋ ትንፋሽ አላሳልፍ አለች። ቀዳዳዋን ፈልጌ ያገኘኋት በጥፍሬ ዳብሼ ነው። ከነሐሱ ጋር የተመሳሰለ ጥቁር ቅርፊት ሸፍኗታል። በመርፌ ስፍቀው ውስጡ ነጭ ሆኖ ተፈረፈረ። አሸተትኩት። ናፍጣና ዘይት ቢጫነውም ዱቄት ዱቄት ይላል።

አክስቴ አረቄ ታወጣ ነበር። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የድስቱን አፍ በሊጥ ያሽጉታል፤ ሊጡ በእሳቱ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ቀና ስል ወይዘሮ አስካለ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው የመርፌዬን ጫፍ ያያሉ።

አቶ ታደሰ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀዳዳዋ ተደፍና ነበር፣ ተከፍታለች አልኳቸው። ሊጥ መምሰሉን ግን ለራሴ ያዝኩት፤ በሰው ትዳር ውስጥ መርፌዬን ይዤ መግባት አልፈለግሁም።

«ማን ደፈናት?» አሉና ወደ ሰይድ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ሊጥ ነው። ለጥምቀት ሞተሩን ስወለውል ከዚያች ነሐስ ቀዳዳ ዘይት ሲወጣ አየሁ። አፈሰሰች ብዬ እንደ አረቄው ድስት ደፈንኳት። ለሰይድ ሥራ ያቀለልኩለት መስሎኝ ነበር።»

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«መኪናዋን ያሳመማት ይሄ ነው ብዬ በምን ልወቅ? ቱርቦ ተሸጠ አልክ፤ ቱርቦ የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

አቶ ታደሰ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ መቆጣጠሪያዋን አጥቤ፣ ከበፊቱ ላላ አድርጌ መለስኳት። ሰይድ ብቻውን ይዟት ወጣ፤ ሁለቱንም ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ድምፅዋን ከሩቅ ሰማነው። ቁልፉን ለአቶ ታደሰ ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ አቶ ታደሰ እጁን ያዙት።

«ነገ ቀጠሯችን አይቀርም» አሉት። «ገበያ መሀል ያልኩትን ገበያ መሀል ነው የማነሳው።»

«አብሽር፣ አያ ታደሰ» አለ ሰይድ። አይዞዎት ማለቱ ነው።

ቅዳሜ

አበጋሩ ገበያው መሀል ሰው ሰብስበው ተቀምጠዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። አቶ ታደሰ ከመሀል ቆሙ፤ ሰውየውን ያለ ሥራው ሌባ ማለታቸውን፣ ጥፋቱ ከገዛ ቤታቸው መገኘቱን ሳያሳጥሩ ተናገሩ። ሚስታቸውን ለመሸፈን አልሞከሩም፤ ወይዘሮ አስካለም አጠገባቸው ቆመው ነበር። አቶ ታደሰ አጎንብሰው ሰይድን ይቅርታ ጠየቁ። ሰይድ ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸውና ይቅር ማለቱን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ። አበጋሩ መረቁ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አላፈርኩበትም።

ከዚያ አቶ ታደሰ ቁልፉን አወጡ። ሰይድ በሁለት እጁ ተቀበለና መልሶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠው። ከእኔ ጋር ወደ ደሴ እንደሚሄድ ነገራቸው። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

መልስ

በመልሱ አውቶቡስ ሳጥኔን ሰይድ ታቀፈልኝ። አቀስታን አለፍን። ከዚያ አላስችለኝ አለና ቁልፉን ለምን መለስክ ብዬ ጠየቅሁት። ይቅር ብለሃል፣ ሰዎቹም ይወዱሃል፣ መኪናዋም ድናለች አልኩት። በእርግጥ ወይዘሮ አስካለ በየበዓሉ ለእሱ በሙስሊም እጅ ዶሮ አሳርደው፣ ለብቻ ሠርተው ያበሉት እንደነበር እሱው ነግሮኛል።

«ይቅር ማለቴ ከልቤ ነው» አለኝ። «ግን መኪና ናት፣ አንድ ቀን ደግሞ ትታመማለች። ያኔ አያ ታደሰ ወደ እኔ እንዳያዩ ይጠነቀቃሉ። እኔም ሲጠነቀቁ አያለሁ። እንዲያ ሆኖ ዳገት አይነዳም።»

ከቤቴ ስነሳ ብልሽቱን ካገኘሁ ሌላው ሁሉ በራሱ ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ እንዳልሆነ ነው። ደሴ ስንደርስ ሰይድን ቤቴ ወሰድኩት፤ ራት በልተን ተኛን። በማግስቱ ጧት ፊቱን ታጥቦ፣ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከቶ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ወረደ።