ስሙ ያልተጠራው ተከላካይ

ተከላካዩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ተቀምጦ ጉልበቱን በፋሻ ይጠቀልላል። ጉልበቱ አልቋል፤ ወገቡም ቢሆን አልቀረለትም። ወጣቶቹ «ጋሼ» እያሉ የሚያሾፉበት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ የመጨረሻ ጨዋታው ነው። እሱን የጨነቀው ግን ከጨዋታው በኋላ ያለው ዙር ነው። በክለቡ ወግ የሚሰናበት ተጫዋች ሜዳውን አንዴ በእግሩ ይዞራል። የሚወደው ተመልካች ቆሞ ያጨበጭብለታል፤ ሌላው ታክሲ እንዳያመልጠው ይሮጣል።

ሰው ደግሞ ጎል ያገባን እንጂ ጎል ያዳነን መች ልብ ይላል! ስታዲየሙ በር ላይ ማልያ የሚሸጡት ሁሉ የሚደረድሩት «መብረቅ» የሚባለውን የአጥቂውን ነው። የእሱን ማልያ የገዛ ሚስቱ ልትገዛ ሄዳ፣ «የማነው እሱ ደግሞ?» ተብላ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ይህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖሯል። ዛሬ ግን አባቱ መጥተዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የልጃቸውን ጨዋታ የሚከታተሉት በሬዲዮ ነበር። ባዶውን ወንበር ባያዩ እንኳ ዝምታውን ይሰሙታል።

«ጋሼ፣ አብሬህ ልዙር እንዴ?» አለው መብረቅ ጫማውን እያሰረ። «እኔን ሲያዩ ይቆያሉ።»

ልጁ ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው። ተከላካዩ ሆድ ባሰው። እምቢ ለማለት ግን አቅም ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ደክሞታል።

«እሺ» አለ።

ጨዋታው አልቆ መዞር ሲጀምሩ ስታዲየሙ «መብረቅ! መብረቅ!» በሚል ጩኸት ተናወጠ። ግማሽ ሳይደርሱ ደጋፊው አጥሩን ዘሎ አጥቂውን ከበበው፤ አንዱ ማልያውን፣ አንዱ ፎቶ ይለምነዋል። ተከላካዩ ትንሽ ቆሞ ጠበቀው። እንደማይለቁት ሲያውቅ ቀሪውን ብቻውን እያነከሰ ዞረ። በዚያ በኩል የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መብረቅ ሮጦ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሚስቱና አባቱ ብቻ ቀርተዋል። አፈረ።

«መብረቅን ሲጠሩት ሰማሁ» አሉ አባቱ።

«ጓደኛዬ ነው፣ አባባ።»

«ያንተን ስም ግን አልሰማሁም።»

«አዎ። አልጠሩኝም።»

አባቱ እጃቸውን በአጥሩ ላይ ሰደው፣ ዳብሰው ትከሻውን ያዙት።

«በሬዲዮውም እኮ እንደዚሁ ነው። ያ ሰውዬ ያንተን ስም የሚያነሳው ስትሳሳት ብቻ ነው። እና እኔ ስምህ እንዳይመጣ እየፈራሁ ነው የምሰማው። ሳይጠራህ ካለቀ፣ ‹ልጄ ደህና ዋለ› እልና እዘጋዋለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ዛሬም ደህና ውለሃል።»

ተከላካዩ ግንባሩን አባቱ ትከሻ ላይ አሳርፎ አለቀሰ። ማዶ አሁንም የመብረቅን ስም ይጠራሉ።