ከበረዶው ማዶ የጠሩኝ አባባ

በረሃቡ ዘመን ነው፤ ሰዉ ተሰዶ አገሩ ጭር ብሏል። ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ እህቴ ዘንድ ብቻዬን ስሄድ፣ ዝናብ እንቢ ባለበት አገር በረዶ ጥሎ ቁልቁለቱን ነጭ አልብሶት አገኘሁ። በዱላዬ ብወጋው ላዩ ጠጣር፣ ሥሩ ባዶ! ብረግጠው ተንዶ ገደል ይዞኝ ይገባል። ልመለስ ስል አንድ ሽማግሌ ከማዶ ተጣሩ።

«ነይ ልጄ፣ እመራሻለሁ! ዱላሽን አስቀድሚ። ለመሆኑ ደህና ነሽ?»

«አልሀምዱሊላህ!»

«ድንጋዩን ርገጪ። ከብቱስ?»

«አለቀ፣ አባባ!»

«አይዞሽ፣ ወደ ግራ! እናትሽስ?»

የወሎ ሰላምታ መች ያልቅና! ዱላዬን እያስቀደምኩ፣ እየሳቅኩም ተሻገርኩ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «ሌላ መንገድ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«በታች በኩል ደልዳላው አለ» አሉኝ። «በዚያ ብትሄጂ ታዲያ እኔን ማን ያናግረኛል?»