አሥር ሺህ ሰባት

አባቴ ግማሽ ጎናቸውን ከታመሙ ወዲህ እጃቸው ተመልሷል፣ ምላሳቸውም ተፈቷል። የፈሩት ለልባቸው፣ ለማሰቢያቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ አስተምረዋል። ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል፣ ዓመቱን ለአሥራ ዘጠኝ እያካፈሉ፣ ቀሪውን እየያዙ ማውጣት ነው ሥራቸው፤ ያውም በቃል። ከኩልመስክ ድረስ የመጡ ተማሪዎቻቸውን «ልቤ መመለሱን ሳላውቅ አላስተምርም» ብለው አቁመዋቸዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፊታቸውን ወደ አሸተን ተራራ አዙረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ትልቅ ቁጥር ስጪኝና አካፋዩን ልፈልግ አሉኝ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰሌዳ ላይ አጥፍቼው የመጣሁት ቁጥር አፌ ላይ ነበርና አሥር ሺህ ሰባት አልኳቸው። ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ተማሪዎቼ ፕራይም ይሉታል። በኮምፒውተር ከሚገኙት፣ አሃዛቸው ብቻ መጽሐፍ ከሚሞላው ጋር ሲተያይ ጫጩት ነው። ለሰው ጭንቅላት ግን ይከብዳል።

እራት አልበላም አሉ። ለሰባት ቢያካፍሉት አራት ተረፈ። ለአሥራ ዘጠኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለኖሩበት ለአሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት ተረፈ። ለሃያ ሦስትም ለሃያ ዘጠኝም ሁለት ሁለት። አንዱ እንኳ አልወጣልኝም፣ አለቀልኝ ብለው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ቀሪዎቹን በስልኬ አጣራሁ። አንድም አልሳቱም።

«አባዬ፣ ችግሩ የቁጥሩ እንጂ የእርስዎ አይደለም። እሱን የሚያካፍል የለም።»

«አታባብይኝ።»

አስረዳኋቸው። መቶ ጊዜ መቶ አሥር ሺህ ነው፤ ከመቶ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ከመቶ የማይበልጥ ጓደኛ አብሮት ይኖር ነበር፤ እስከ መቶ ሞክረው ካጡ በቃ፣ የለም። እሺ አሉ እንጂ አላመኑም። ግትር ናቸው፤ እኔስ የማን ልጅ ነኝ፣ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። በየቀኑ አንድ ሁለት አካፋይ እየሞከሩ ወደ መቶ ይወጡ ጀመር። እኔም ተደብቄ አጣራለሁ፤ ሁሉም ልክ። ደስታዬን አልችለው ብዬ የእሳቸውን ተማሪዎች ተዘጋጁ አልኳቸው።

አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ወጣልኝ። ለሰባ ሦስት ተካፈለ፤ መቶ ሠላሳ ሰባት ደረሰው፣ ምንም አልተረፈ። ዳንኩ ልጄ።»

መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ሰባ ሦስት አሥር ሺህ አንድ ነው። የተረፈችውን ስድስት ጥለዋታል፣ ቀሪ ሲይዙ የኖሩት ሰው። ማንም አያካፍለውም ብዬ ስንት የተጨቃጨቅነውንም ረስተውታል።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ። በይ ሌላ ቁጥር ስጪኝ አሉኝ፤ አሁን ማንም አያቆመኝም።

«መቶ ሃያ» አልኳቸው።

ይሄማ የሕፃን ነው ብለው ሳቁብኝ። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት እያሉ ጀመሩት፤ ሁሉም ወጣላቸው።