ቅመሺልኝ

ባለፈው እሑድ ለልጄ ገንፎ ይዤ ሄድኩ። ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የምትታረሰው እኔ ዘንድ አይደለም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታላቅ እህቴ አስካለ ቤት ነው። የእኔ ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ሦስት ክፍል፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ባዶውን ተቀምጧል። "እዚያ ስለለመድኩ ነው እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ" ብላኛለች። አልተቀየምኩም። መቀየም መብቱ ላለው ሰው ነው።

ገንፎውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቅቤው እንዳይፈስ ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ፣ በሁለት ታክሲ ደረስኩ። ሰናይት በማንኪያ ዛቅ አደረገችና፣ ወደ አፏ ከመውሰዷ በፊት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ይኸው ነው፤ ልብ ካላሉት አይታይም። ባሏ ቢኒያም ግን ዓይኑ አያርፍም።

"የእማማን ምግብ ሁሌ ታሸቻለሽ" አላት እየሳቀ። "የእቴቴን ግን ዝም ብለሽ ነው የምትውጪው።"

"እኔ እንጃ፣ ልማድ ነው" አለች።

እቴቴ የሚሏት አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የሕፃኑን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ልማዱን ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወታደር ነበርኩ፤ የመገናኛ ሬዲዮ ላይ ነበር የምሠራው። የሰናይት አባትም ወታደር ነበር። ማርገዜን ስነግረው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፣ እዚያው ትዳር ያዘ፤ እኔም እንደ ሞተ ቆጥሬ ተገላገልኩ። ልጄን ከአስካለ ጋር ጀርባ እየተቀያየርን አዝለን ስናሳድግ፣ ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት፣ ለሰላም ማስከበር ላይቤሪያ ከሚሄዱት መካከል ስሜ ወጣ። ያን ጊዜ ግዳጅ መውጣት ዕድል ነበር፤ የሄደ ሰው ተመልሶ ቤት ይሠራል ይባል ነበር። እኔና ልጄ ደግሞ የምንኖረው አስካለ ጓዳ ውስጥ፣ በመጋረጃ ተከልለን ነው።

ስማችንን የሚመዘግበው ሰው ቀና ብሎ "ልጅ አለሽ?" አለኝ።

"እህቴ ጋ ናት።"

"ታጠቢያለሽ?"

"ጡት ጥላለች" አልኩት። ይህን ስለው ጡቴ ከዩኒፎርሙ ሥር ሞልቶ ያቃጥለኝ ነበር። ለመነሳት አሥራ አንድ ቀን ቀርቶናል።

ሰናይት ጡት ወዳድ ነበረች። ከጡት ሌላ አንድ ነገር ብትቀምስ እንኳ ከእኔ እጅ ብቻ ነው። አስካለ ቅንጬ ስታቀርብላት ከንፈሯን ገጥማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። "አንቺ ሄደሽ ይቺ ልጅ ከእጄ ካልበላች፣ አፈር ነው የማለብሳት" አለችኝ አስካለ። እህቴ ቃል አታለዝብም።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ዘጠኝ ወልደው ዘጠኙንም ጡት ያስጣሉ ሴት ናቸው። "እሬት ቀቢ" አሉኝ። ይህ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ጡት የሚያስጥል ሁሉ እሬት ይቀባል። ልጁ አንድ ቀን ያለቅሳል፣ አንድ ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ ይረሳል፤ እናቱም አጠገቡ ስላለች በጉርሻ ትክሰዋለች። የእማማ ጥሩነሽ ምክር ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

"ጡቱ ብቻ አይበቃም ልጄ። አንቺ ሩቅ አገር ነው የምትሄጂው። ልጅ እናቱን ከናፈቀ እህል አይወርድለትም። ከእጅሽ የሚመጣው ሁሉ ይምረራት፤ ያን ጊዜ ወደ አስካለ ትዞራለች።"

"ትጠላኛለች እኮ እማማ።"

"ትጥላሽ። የጠላችሽ ትበላለች። የናፈቀችሽ ነው የምትሞተው።"

በሃያ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ጥበብ የሰማ ይመስለዋል።

ወሩ ኅዳር ነበር። በማግስቱ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ከጤዛው ጋር አፍንጫ ይሰረስራል። ከድንጋይ ሥር የበቀለውን እሬት በቢላ ቆርጬ፣ የሚያወጣውን ቢጫ ውሃ በቆርቆሮ አጠራቅሜ ወረድኩ። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ብታጠብም ሽታው አለቀቀኝም።

የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ልርሳው። ሰናይት ጡቴን ያዘች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ለቀቀችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ያደረግሁት አልመሰላትም። የመረረውን አፏን እንድጠርግላት ወደ እኔው አሞጠሞጠችልኝ። ጠረግሁላት። ከዚያ ሌላኛውን ጡት ሰጠኋት፤ እሱም ተቀብቶ ነበር።

በአራት ቀን ጡቱን ተወች። በአምስተኛው ቀን ወደ ሳህኑ ዞርን። አንድ ሳህን ቅንጬ መካከላችን አስቀመጥን፤ አስካለ ከአንድ ወገን ንጹሑን ታቀርባለች፣ እኔ ከሌላው ወገን ጣቴን እሬት አስነክቼ አጎርሳለሁ። መጀመሪያ ቀን ቀጣዩ እንደሚጣፍጥ አምና ሦስት ጊዜ ከእጄ ጎረሰች። በሁለተኛው ቀን ጣቴን አሸተተች። በሦስተኛው ቀን ፊቷን አዙራ አፏን ለአስካለ ከፈተች፤ ሳህኑንም ጨረሰች።

"በቃ ተያት፣ ገብቷታል" አለች አስካለ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"አንድ ቀን ልጨምር፣ እንዲጸናላት" አልኩ። ወታደር አይደለሁ፤ ግዳጅ በግማሽ አልተውም። የፊተኞቹን ቀናት ቸግሮኝ ነው ብዬ ራሴን አባብላለሁ። ለዚያች ለጨመርኳት ቀን ግን የምሰጠው ምክንያት የለኝም።

የሄድኩ ዕለት ሰናይት አስካለ ጀርባ ላይ ሆና፣ ቻው በይ ስትባል እጇን አወዛወዘች። አላለቀሰችም። መኪናው ላይ አንዷ ጓደኛዬ ልጇ ቀሚሷን ይዞ አልለቅ ማለቱን እያወራች ስታለቅስ፣ "የእኔ ዝም ብላ ሸኘችኝ" አልኳት። በኩራት ነው ያልኳት፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እዚያ ወተቴ አልደርቅ ብሎ ሦስት ሳምንት ደረቴን በፋሻ አስሬ ሬዲዮ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሚነገረኝ አይሰማኝም ነበር። ስልክ በወረፋ ነው። ሲደርሰኝ የአስካለ መልስ አንድ ነው።

"ትበላለች። ወፍራለች።"

"ስለ እኔ ትጠይቃለች?"

"ትበላለች አልኩሽ እኮ።"

ዓመት ከሁለት ወር ቆይቼ ስመለስ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ይዤላት መጣሁ። በር ላይ ተንበርክኬ አንዱን ሰጠኋት። ተቀበለች። አሸተተችው። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ለአስካለ ሰጠቻትና "እቴቴ፣ ቅመሺልኝ" አለቻት። ሌላ አነሳሁና እያየችኝ እኔው በላሁት። አስተውላ አየችኝ፣ ጠበቀች፤ ቀጥሎ የሰጠኋትንም ለአስካለ ወሰደችው። ረስታኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። እጄን ግን አልረሳችም።

ቤቱን ሠራሁ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ወስጃት ነበር። የምሳ ዕቃዋ ሳይነካ እየተመለሰ፣ ፊቷ እየገረጣ፣ በሁለት ወሯ ለአስካለ መለስኳት። እማማ ጥሩነሽ ልክ ነበሩ፤ ልጄ አልሞተችም። የቀረውን አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ልንገራት ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን የማታስታውሰውን ነግሬ እኔን የምትጠላበት ምክንያት ላቀብላት? አሁን ምክንያቱን ሳታውቅ ነው የምትርቀኝ። ስታውቅም ምናልባት ይቅር ትለኝ ይሆናል፤ ይህንንም እፈራዋለሁ።

እሑድ ዕለት ሕፃኑን ጡት ላይ አድርጋ ሳለ፣ "እማዬ" አለችኝ። "ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስገባ ይሄን ልጅ ምን እንደማደርገው ጨንቆኛል። እኔን እንዴት ነበር ጡት ያስጣልሽኝ?"

አስካለ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

"በራስሽ ነው የተውሽው" አልኳት።

"ጎበዝ ልጅ ነበርኩ በይኛ" አለች ፈገግ ብላ።

"ጎበዝ ነበርሽ።"

ከገንፎው እንደገና ዛቀች። አሸተተችው። በላችው።