የማይለቀው ነጥብ

አክስቴን ሆቴሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «በረኪና» ነው የሚሏት። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ቁልፍ ይዛ ያረጀች፣ ቆሻሻ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። እኔን እንኳ ስትስመኝ ዓይኗ ኮሌታዬ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ አንሶላ ጉድ ሠራት። መሐሉ ላይ ሽምብራ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለችበት። ዘፈዘፈችው፣ አሸችው፣ ቀቀለችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፤ ወይ ፍንክች! ሥራ አስኪያጁ «የማይለቅ ቆሻሻ የለም፤ ያለው ሰነፍ እጅ ነው» ብሎ እስከ እሑድ ቁልፉን አስረክባ እንድትሰናበት አዘዛት። እኔ ደሜ ፈላ። እሷ ግን «እለምነዋለሁ» አለች።

የሆቴሉ ሾፌር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶችን ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው፣ ለሕዝብ ክፍት ወደሆነው የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ አወጣለሁ፤ ሥራ አስኪያጁም አብሮን ይሄዳል። አክስቴ እየለመነችው ተከትላው አውቶብሱ ውስጥ ገባች። እሱ እንዳልሰማ ሆነ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ በሩን ዘጋሁት።

ጣቢያው ውስጥ፣ ጨለም ባለ ክፍል፣ ባለሙያዋ የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ አማካይነት ነጭ ሰሌዳ ላይ አሳረፈችው። ትሪ የሚያክል ክብ ነው፤ ከዳሩ ጠጋ ብሎ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ማብራሪያው ሳይጀመር አክስቴ አውራ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ሰሌዳውን ፈተግ ፈተግ አደረገችው። ነጥቡ ጥፍሯ ላይ ወጣ። እጇን ስታነሳ ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ቁጭ አለ።

«እዚህም አቃተሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ነጭ መሐረቡን መዞ ራሱ ይፈትግ ገባ። ነጥቡ መሐረቡ ላይ ተቀመጠ። በሌላው ጫፍ ሞከረ፤ እዚያም አለ። ኮቱን አውልቆ ለአንድ እንግዳ አስያዘ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ላብ አጠመቀው። አንዲት እንግዳ «ሎሚ ቢሞከርስ?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ፣ ነጥቡ ያለው ፀሐይዋ ላይ ነው። ስፋቱ ምድራችንን ሳይቀር ይውጣል።»

«አይለቅም ማለት ነው?»

«በእጅ አይለቅም። ሲበቃው ራሱ ይጠፋል።»

ሥራ አስኪያጁ የቆሸሸውን መሐረቡን አገላብጦ አየው። አክስቴ እጇን ዘረጋችለት። «ይስጡኝ። ይሄ የሰሌዳው አቧራ ነው፣ ይለቃል።»

ሰጣት። «ሰኞ ታጥቦ ይድረሰኝ።»

«ሰኞ?» አለች።

«ሰኞ። ቁልፉም አንቺው ጋ ይሁን። ያን አንሶላ ግን ከእንግዳ አንሶላዎች ለይተሽ እኔ አልጋ ላይ አንጥፊው።»