ከጋዜጣ ሥር ያለች ፀጉር

ጠዋት ጠዋት፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት፣ ወልደጊዮርጊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሚስቱ ተናኘ ከማበጠሪያዋ አንዲት ፀጉር መዝዛ ጠረጴዛው ላይ ታስተኛለች፤ በላይዋም አንድ ገጽ ጋዜጣ ትዘረጋለች። «በቃ፣ ዙር» ስትለው ይዞራል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እንደሚያዳምጥ ሰው ዘንበል አድርጎ፣ ሦስት ጣቶቹን በጋዜጣው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል። ፀጉሯ ያለችበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። «እዚህ» ይላል። ሻዩ የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ልማዱን ያወረሱት ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። ወልደጊዮርጊስ ከወጣትነቱ ጀምሮ የከረንቡላና የፑል ጠረጴዛ ሲጠግን የኖረ የቀራንዮ አናጢ ነው። ወገቡ እምቢ ሲለው መጠገኑን ተወና ምርመራው ብቻ ቀረለት። አሮጌ ጠረጴዛ ታድሶ ለሽያጭ ሲወጣ፣ ሊገዛ ያሰበ ሰው ይደውልለታል። ሄዶ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ከሥሩ ይተኛል፣ ተነስቶም «ግዛ» ወይም «ተው» ይላል። ሽማግሌው ያስተማሩት አንድ ሕግ ነበር፦ ጠዋት ከጋዜጣ ሥር ፀጉሯን ካላገኘህ በዚያ ቀን ጠረጴዛ አትንካ። የጠረጴዛው ሆድ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ጨርቅ ይለብሳል፤ ጨርቁ የሸፈነውን ስንጥቅ ዓይን አያየውም፤ ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ድሮ ፀጉሩ የሚመዘዘው ከራሱ ራስ ነበር። መላጣው እየሰፋ ሲሄድ ተራው የተናኘ ሆነ።

«የእኔንም ጨርሰህ ሁለታችንም መላጣ ሆነን እንቀራለን» ትለዋለች።

ከየካቲት ወዲህ ግን ጣቶቹ ከጋዜጣው አንድ ጫፍ ተነስተው ሌላው ጫፍ ይደርሳሉ፤ ምንም አያገኙም። ስኳር አለበት። ቤቴል ያለችው ነርስ፣ «እግርዎን ይጠብቁ፣ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል» ስትለው እግሩን ሲጠብቅ ከረመ፤ የሄደው ግን እጁ ሆነ። ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲደውል አንዴ ጉንፋን ይዞኛል ይላል፣ አንዴ ለቅሶ አለብኝ ይላል።

«እንደው በአንድ ወር አራት ዘመድ ቀበርክ» አለችው ተናኘ። «ከአሁን በኋላ የእኔን ዘመዶች እንዳትጀምር።»

መቀመጥ አቃተው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። በሩን ያንኳኳል፣ የቁምሳጥኑን ጎን ያንኳኳል፣ አጥሩን ተደግፎ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እሱ ካላየው አልገዛም» ሲባልለት የኖረ ሰው፣ አሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቡ ይዘላል።

በሰኔ መጀመሪያ ሃና ደወለች። ሃና የዕድራቸው ልጅ ናት፤ እትብቷ ሲቆረጥ ተናኘ ነበረች። ከቢሮ ሥራዋ ለቃ ቤቴል ውስጥ ሴቶችም ሳይሳቀቁ ገብተው የሚጫወቱበት ፑል ቤት ልትከፍት ክፍል ተከራይታለች። አስኮ አንድ ጥንታዊ ጠረጴዛ አግኝታ ያላትን ሁሉ በእሱ ላይ ልታፈስ ነው።

«ጋሼ፣ ሻጩ ከነገ ወዲያ ሌላ ገዢ ይመጣል ብሎኛል። እርስዎ ካላዩት ግን አልፈርምም።»

«ነገ ጠዋት እደውልልሻለሁ» አላት። ለአምስተኛ ዘመድ የሚሆን ስም ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አደረ።

በነጋታው ግን አገኛት! ጣቶቹ ጋዜጣው መሃል ሲደርሱ አንዲት ቀጭን ነገር ከሥራቸው ተነስታ ወደቀች። ተመለሰ፤ አለች። እንደገና ተመለሰ፤ አለች።

«እዚህ!»

«እሰይ!» አለች ተናኘ። ጋዜጣውን ወዲያው አጥፋ ከሬዲዮው ሥር ወሸቀችና ወደ ሻዩ ዞረች። ወልደጊዮርጊስ ለሃና ደውሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሻዩን አልጠጣም።

የሻጩ የማርቆስ ወርክሾፕ ከአስኮ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ነው። ማርቆስ አርባውን የተሻገረ፣ እጁ ሁልጊዜ ቨርኒሽ የሚሸት፣ አፉ የማይደክመው ነጋዴ ነው። ጠረጴዛው መሃል ላይ ቆሞ፣ አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ፣ ሙሽራ መስሎ ይጠብቃል።

«ጋሼ ወልዴ! እርስዎ መጡብኝ? አለቀልኝ በሉኛ!»

«ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

«እርስዎ እኮ ከእናቴም እንከን አያጡም።»

ወልደጊዮርጊስ ሥራ ጀምሯል። ሃና ስልኳን ይዛ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። መጀመሪያ ስድስቱን እግሮች በጣቱ አንጓ አንኳኳ። «ስሚ፤ የጥንት እንጨት ይጮኻል። በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ድምፁ ይታፈናል።» ስድስቱም ጮኹ። ባትሪ አብርቶ ከሥሩ ተኛ፤ ክፈፉ ላይ ምስጥ የበላው ቦታ ፈለገ፤ አጣ። የእጁን አንጓ ከታች ወደ ላይ አስጠጋ። «ቀዝቃዛ ነው፤ ድንጋይ ነው። ተጨምቆ የተሠራ እንጨት ቢሆን እንዲህ አይቀዘቅዝም።» ተነስቶ ውሃ ልኩን መሃል ላይ፣ ከዚያም በአራቱ ማዕዘን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሃሏን ይዛ ቆመች። ነጩን ኳስ ወደ ዳሩ ጎማ ወረወረ፤ አራት ጊዜ ተላግታ ተመለሰች። «ጎማው ሕያው ነው። የደረቀ ጎማ ኳስ ይውጣል።» የቀዳዳዎቹን የቆዳ ስፌት አንድ በአንድ ጎተተ። አልላላም።

የቀረው ድንጋዩ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጣቶቹን አዲሱ ጨርቅ ላይ አሳረፈና ነዳ። ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ምንም አልተሰማውም። ልሙጥ ድንጋይ ደግሞ የሚሰማው እንደዚያ ነው፤ ምንም። ፀጉሯን ያገኘው ገና አሁን ጠዋት ነው።

«ልሙጥ ነው» አለ።

ሃና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከሰዓት መኪና ይዛ መጥታ ፈርማ ልትወስድ ተስማሙ። እሱም ቀትር ላይ ታክሲ ተሳፈረ።

ታክሲው ውስጥ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። እግሩ ወለሉን ይመታል፤ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«አባት፣ አንዱን ይምረጡ እንጂ» አለው ረዳቱ።

ዝቅ ሲል ኮቱ እጅጌ ላይ አንዲት ፀጉር አየ። ረጅም፣ ጫፏ የሸበተ፤ የተናኘ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አነሳት። ጉልበቱ ላይ አስተኛት። ሃና አድራሻ የጻፈችለትን ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አለበሳትና ጣቶቹን አሳረፈ። ምንም። የተኛችበትን ቦታ ያውቃል፤ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ጫፏ እንዲያውም ከወረቀቱ ወጥቶ ይታየዋል። ምንም!

ታዲያ ጠዋት ያገኘሁት ምን ነበር?

ሃና ስትጠመጠምበት ትዝ አለው።

«ወራጅ አለ!»

«አባት፣ እዚህ ፌርማታ የለም፤ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላወርድዎ።»

«አውርደኝ አልኩህ!»

የሃናን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ ተይዟል። ታክሲ እስኪመጣ መቆም አልሆነለትም፤ ዳገቱን ወደ አስኮ በእግሩ ተያያዘው። ወርክሾፑ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አይሱዙው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ አራት ጫኞች እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ሃና እስክሪብቶ ይዛ አጎንብሳለች።

«ልጄ፣ ቆይ! እንዳትፈርሚ!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ትንፋሹን ለመሰብሰብ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ጠዋት ልሙጥ ነው ያልኩሽን አላውቀውም።»

«አላውቀውም ማለት?» አለች ሃና።

«ጋሼ፣ ጠዋት ልሙጥ፣ ከሰዓት ሻካራ?» አለ ማርቆስ እየሳቀ። «ድንጋይ እኮ እንደ ሰው ሐሳቡን አይቀይርም!»

«ድንጋዩ አይደለም። እጄ ነው። ጣቶቼ አይሰሙም። ስኳር ነው፤ ወራት ሆኖታል። ደብቄ ነው።»

 ከጫኞቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ታዲያ ጠዋት ሙሉ ምኑን ሲያሻሹ ነበር?»

ወልደጊዮርጊስ ሰማ። ጆሮው ጋለ፤ ነገር ግን ወደ ሃና ብቻ ዞረ። «ቀለበትሽን አውልቂ። እጅሽን አሙቂው። ሦስት ጣት፤ ዓይንሽን ጨፍኚ። እንዳትጫኚ፤ የተኛ ሕፃን ጉንጭ ነው ብለሽ አስቢ።»

ሃና ፊቷ ተቆጥቷል፤ ቢሆንም ቀለበቷን አወለቀች። አንዴ ሄደች።

«ምንም የለም።»

«ቸኮልሽ። ቀስ።»

ሁለተኛ ሄደች። ከመሃል አለፍ ብላ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች።

«እዚህ ጋ… እንዴት ልበልዎት፣ ፀጉር የተኛ ይመስላል።»

«ቦታውን እንዳትረሺ» አላት ወልደጊዮርጊስ።

«የጨርቁ ስፌት ነዋ!» አለ ማርቆስ።

«ይህ ጨርቅ ስፌት የለውም ማርቆስ። አንድ ወጥ ነው። አንተም ታውቃለህ።» ነጩን ኳስ ለሃና ሰጣት። «በቀስታ ልቀቂያት። ስትፈጥን አትነግርሽም፤ ልትቆም ስትል ነው የምትናገረው።»

ኳሷ ተንከባለለች። ሃና ጣቷን የተከለችበት ቦታ ስትደርስ፣ አንድ ሰው በትንፋሹ እፍ ያላት ይመስል ወደ ግራ ዘወር አለችና ቆመች። ደገመቻት፤ እዚያው ዘወር አለች።

«አንድ ጥግ ግለጠውና ይለይለት» አለች ሃና።

ማርቆስ ጫኞቹን አየ፣ አይሱዙውን አየ። ከዚያ ጉጠቱን አነሳና የጨርቁን ምስማሮች ነቃቀለ። ድንጋዩ ከአንዱ ጥግ ወደ መሃል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በስቱኮ ተሞልቶ ተሞርዷል። የመሙያው ጠርዝ ከመድረቅ ብዛት መነሳት ጀምሯል።

«እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር» አለ ማርቆስ፤ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል።

«ነገ ለሚመጣው ሰውዬስ ትነግረዋለህ?» አለው ወልደጊዮርጊስ። ማርቆስ የነቃቀላቸውን ምስማሮች መልቀም ጀመረ።

አይሱዙው ባዶውን ሄደ። ሃና ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። ወልደጊዮርጊስ ከጎኗ አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ወደ ኋላ ቀርቶ ይራመዳል።

«ጠዋት ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ለእኔ እንኳ?»

«ጠዋት የዳንኩ መስሎኝ ነበር።»

ታክሲ አለፋቸው፤ አላስቆመችውም። ሌላ አለፈ።

«ቀጣዩን አብረን እናየዋለን» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ያንኳኳሉ፣ እርስዎ ከሥር ይተኛሉ። ጣቱን እኔ አመጣለሁ።»

«መጀመሪያ በጋዜጣ ተለማመጂ። ከራስሽ አንድ ፀጉር ነቅለሽ…»

«የእኔ ቅጥል ሂውማን ሄር ነው፤ ይቆጠራል?»

ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ታሪኩን ልጽፈው ስጠይቀው፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ አለ። እጁም ይጻፍ፣ የጫኙ ሳቅም ይጻፍ፣ «ልሙጥ ነው» ማለቱም ይጻፍ፤ ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ይማርበት። እንዲቀር የለመነው ይህን አንዱን ብቻ ነው፦

በዚያ ቀን ቤቱ ሲገባ ተናኘ አልነበረችም፤ መድኃኔዓለም ሄዳለች። ከሬዲዮው ሥር ጋዜጣውን ስቦ ዘረጋው። እጥፋቱ ውስጥ ፀጉር አልነበረም። የተኛችው ጥቁር ክር ናት፤ ተናኘ ብርድ ልብስ የምትሰፋበት ወፍራም ክር። ቆሞ ብዙ አያት። ከዚያ እንደነበረች አጥፎ፣ እንደነበረች ከሬዲዮው ሥር መለሳት።

በነጋታው ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋዜጣው ሲዘረጋ ሰማ። «በቃ፣ ዙር» አለችው። ዞረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሦስት ጣቶቹን ከዳር ጀምሮ ነዳ። ክሯ መሃል ላይ ከጣቶቹ ሥር ተነስታ ወደቀች።

«እዚህ» አላት።

«እሰይ!» አለች ተናኘ፤ ሻዩንም ቀዳችለት።